ኤሊዎቹና የእድሩ ቁልፍ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም ሰርቪሱ ቂሊንጦ ላይ ገትሮን ዋለ። ግድ የለኝም። እሑድ ዛንዚባር ነኝ። ፋብሪካው ለሸለመን አምስት ሠራተኞች፣ አራት ቀን። ዝርዝሩን ስንቴ ጻፍኩብሽ፣ ደብተሬ? የተቀረጹት የእንጨት በሮች። የድሮው ምሽግ። የቅርንፉድ እርሻ። የእስረኞች ደሴት ከነግዙፍ ኤሊዎቹ።

ባሌ ሰ. ዛሬም አሾፈ። እስር ቤት ለማየት ባሕር ማቋረጥ ምን አመጣው፣ ቃሊቲ በራፍሽ ላይ አለልሽ አይደል ይላል። በየቀኑ ያቺኑ ቀልድ። አንጀቴ አረረ። ደህና ነገር የሚጠይቁኝ ጎረቤታችን ጋሽ በየነ ብቻ ናቸው፣ የባቡር ጡረተኛው። ኤሊዎቹ መቶ ዓመት እንዳለፋቸው ስነግራቸው ሳቁ። ጠባቂዎቻቸውን ሁሉ ቀበሩ በይኛ አሉ። አይተሽ ንገሪኝ አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ጋሽ በየነ አረፉ።

አልቅሼ ሳልጨርስ ሰ. ጉዞው ቀረ አለ። ይቅር ወይ ብሎ መጠየቅ እንኳ የለም። የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ የምይዘው እኔ ነኛ። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን ቆጥሬ አውጥቼ ቆጥሬ የማስገባው። ሰልስት ሳይወጣ እንዴት ትሄጃለሽ፣ ሰው ምን ይላል ይላል። ለሰው ለቅሶ ስንት ዓመት ድስት ስቆጥር ሰው ምን አለ?

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሟቹም ተናደድኩ። ሳምንት ቢታገሱኝ ምን ነበረበት።

ከቀብር መልስ

ጠዋት ያልጻፍኩልሽ አለ። አፍሬ ነው። ቁልፉን አጣሁት። ጓዳውን አተራመስኩ፣ የለም። ወንዶቹ ቢጠብቁ ቢጠብቁ ጓጉንቸሩን በመጋዝ ቆርጠው ድንኳኑን አወጡ። አሁን ሻንጣዬ ውስጥ አገኘሁት። ከቤት ቁልፍ ጋር ስለታሰረ፣ የቤቱን እንዳልረሳ ብዬ አብሬ ከትቼዋለሁ። የእድሩን ቁልፍ ይዤ ዛንዚባር ልገባ ነበር።

ሰ. አሁንም ቁልፍ ያዥ ነሽና አትሄጂም ይላል። የየትኛው በር ቁልፍ? ጓጉንቸሩ ለሁለት ተቆርጦ መሬት ወድቋል፣ በሩ ወለል ብሏል፣ ሰው እያወጣ እያስገባ ነው። ያለ እኔም ድንኳኑ ቆመ። ደሜ ፈላ።

የጋሽ በየነ ሚስት እትዬ አስካለ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ኤሊዎቹን ሳታዪለት ልትቀሪ ነው ወይ አሉኝ።

እሑድ፣ ጠዋት 12 ሰዓት

ሰ. ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ያዙር። ቁልፉን ትራሱ አጠገብ አስቀምጬለታለሁ። ድስት እሱ ይቁጠር።

እሄዳለሁ። ኤሊዎቹን አያቸዋለሁ። ስመለስ መጀመሪያ የምገባው ቤቴ አይደለም፣ የጋሽ በየነ መቃብር ጋ ቆሜ ኤሊዎቹ ስንት እንደሆኑ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ሁሉንም እነግራቸዋ—

ታክሲው መጣ።