ከኩርባ ላይ እጅ ስለ መንሣት

ለክቡር የመንገድ ሹም፣
ጎንደር፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ይህ ደብዳቤ ጤናዎ ሳይታወክ፣ ሹመትዎ ሳይነቃነቅ፣ የማኪናዎም ጎማ ሳይተነፍስ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። «እኛም ደኅና ነን» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ባለቤቴ ባንቺአየሁ ካለፈው ኅዳር ወዲህ ስለሌለች «እኛ» የሚያሰኝ ሰው ከቤቴ አልቀረም። እኔ ደኅና ነኝ።

መሥሪያ ቤትዎ ስለ ሞቷ የሰጠውን ቃል በአክብሮት ሰምቻለሁ። «ጥፋቱ ከመንገድ ያልራቀችው የሟች ነው» ተብሏልና፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በታች ካለው ኩርባ ለምን እንዳልራቀች ላስረዳ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ/ ትልቅ ሰው ሲያልፍ ከበቅሎ ወርዶ፣ አደግድጎና ቀርቦ እጅ መንሣት የአገራችን ወግ ነው፤ ከሩቅ መቆም ንቀት ይባላል። በማኪና ውስጥ ማን እንዳለ ስለማይታየን ደግሞ ለማኪና ሁሉ እጅ እንነሣለን። ያን ቀን ከገበያ ስንመለስ ባንቺአየሁ የማኪና ድምፅ ሰማችና «ምነው፣ አትወርድም እንዴ? ሹሙ ይሆናሉ» ብላኝ፣ እኔ ከበቅሎዬ ሳልወርድ ቀድማኝ ከመንገዱ ዳር ጎንበስ አለች። ጎንበስ ያለ ሰው የሚመጣበትን አያይም።

፪ኛ/ ይህ የእሷ ብቻ ጥፋት እንዳይመስልዎ። በትክል ድንጋይ ቁልቁለትም ወልደኢየሱስ የሚባል ገበሬ ጋቢውን ሲያደገድግ ተገጭቷል። በየኩርባው የሚሞተው ጨዋው ነው፤ ባለጌውማ ማኪና ሲያይ ወደ ማሳው ሸሽቶ ይተርፋል።

፫ኛ/ «ቀስ ብለህ ንዳ» ስለሚለው ሰሌዳ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከኩርባችን ይተከላል የተባለው ሰሌዳ ከመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ ተተክሎ አይቻለሁ። እዚያ የቆሙት ማኪኖች ሁሉ ትእዛዙን አክብረዋል።

ዛሬ ከገበያ ብቻዬን ስመለስ በቅሎዋ ከኩርባው ስትደርስ በራሷ ትቆማለች። ውረድ የሚለኝ ስለሌለ ዝም ብዬ ከላይዋ እቀመጣለሁ። ከደጄ ስደርስም እንደ ልማዴ «መጣን» እላለሁ። ክቡር ሆይ፣ እጅግ ከፍቶኛል።

ልመናዬ አንዲት ናት። ማኪኖቹ ከኩርባ ላይ ቀስ እንዲሉ ማዘዝ ከከበደዎ፣ ሕዝቡ እጅ መንሣቱን እንዲተው ያሳውጁልን። የፊታችን ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ጨዋ ሰው ገና አላለቀም።

ባለፉ ቁጥር አቧራዎን በምስጋና የምቀበል ታዛዥዎ፣
ዳኛው ክንዱ
ወገራ፣ ከኩርባው በላይ
ጥር ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.

ግልባጭ፦ እጅ ለሚነሣ ሁሉ

ሳልጠቅስ ያለፍሁት፦ ማኪናው የጫነው ሹም አልነበረም። ከሹፌሩ በቀር ሰው አልነበረበትም፤ የጫነው ለክቡርነትዎ የተሠራውን አዲስ ወንበር ነበር። ባንቺአየሁ እርስዎ መስለዋት ነው ለወንበሩ እጅ የነሣችው። አሁን ተቀምጠውበት ከሆነ ሰላምታዋን ይቀበሉልኝ።