ዝም በሉ የተባለበት ወር

ቴሺ፣ ጁላይ 9፣ ማክሰኞ

ለልጄ ለናአ ኮርኮይ፣

ሃምቡርግ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዛሬ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው፤ ጀልባ አይወጣም። ጸሐፊ እንጥራልህ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ፊደሌ ቢንጋደድም የራሴ ነው።

አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ልብሽ ይረፍ፤ ልጅሽ ላሚሌይ ደህና ናት። ይኸው አጠገቤ የበቆሎ ሊጥ ኬንኬዋን በዓሣ ትበላለች።

የዝምታው ወር ገብቷል። የተዘራው እህል እስኪበቅል ከበሮ የለ፣ ጩኸት የለ። እኔን ታውቂኛለሽ፤ የጸሎት ቤቱን ልጆች ከበሮ ነጥቄ ቆልፌበታለሁ። ለቤቱም፣ "ድምፅ እንዳልሰማ!" ብዬ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት መረብ ስጠግን ልጅቷ ጠፋችብኝ። ጓዳ ብገባ ጥግ ላይ እግሮቿን አቅፋ፣ ቀሚሷን ነክሳ፣ በላብና በእንባ ርሳለች።

"ምነው አልተጣራሽም?"

"አባባ፣ ድምፅ እንዳልሰማ ብለሃላ።"

ምን ልበልሽ። ተሸክሜያት ወጥቼ "መኪና! መኪና!" እያልኩ መንደሩን አናጋሁት። ዓሣ ሻጯ ዴዴ፣ "ኒ ኦካይ፣ አንተንስ ማን ይቆልፍብህ?" ብላ ሳቀችብኝ። ልጅቷን ስታይ ግን ዓሣዋን ጥላ መንገድ መሐል ገብታ መኪና ያስቆመችው እሷው ናት።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ነርሷ፣ "የደሟ ቅንጣት ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ማጭድ ይታጠፋል። ጠባቡ የደም ሥር ላይ ተሰካክቶ መንገድ ይዘጋል። ከእናትም ከአባትም የወረሰችው ነው" አለችኝ።

"ጀልባ መግቢያው ላይ አግድም ሲዞር የኋላው ሁሉ እንደሚቆመው ነዋ" አልኳት።

"ልክ ነው አባባ። ውሃ በደንብ ትጠጣ፣ ብርድ አይንካት፣ ሲጀምራት ቶሎ አምጣት።"

አንቺም በስልክ ይህንኑ ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን "የፈረንጅ ወሬ ነው" አልኩሽ። ልውሰዳት ስትይም "ልጅ ከባሕሯ አትለይም" አልኩ። አሁን ወረቀቷን ጨርሺ። አውሮፕላኑ ድረስ እኔ አደርሳታለሁ፤ ከእኔ ሌላ ማንም አይሸኛትም።

እስከዚያው ሲያማት እንድትጮህ ፈቅጃለሁ። ትናንት ሳያማት ጮኸች። "ምነው?" ብላት "እየተለማመድኩ ነው" አለችኝ። ጎረቤት ቢወጣ፣ "ምን ታያላችሁ? እኔ ነኝ ያልኳት!" ብዬ መለስኳቸው።

ወፍራም ካልሲ ግዢላት። እዚያም ስትጮህ ጎረቤት ቢቆጣ ዝም አታሰኚያት።

እናትሽ ከሞተች ወዲህ ይህን ቤት የሞላችው እሷ ናት። ግድ የለም፣ ትሂድ። በሚቀጥለው ወር ከበሮው ይፈቀዳል፤ መንደሩ ይደምቃል አሉ።

የምትቀዝፊበት ውሃ ሁሉ ይርጋልሽ፤ ደጅሽ እንግዳ አይጣ።

አባትሽ
ኒ ኦካይ