የመሪጌታ አምባቸው ንጉሡ ሕይወትና ለፈንታሁን የተዉት አደራ

መሪጌታ አምባቸው ከአባታቸው ከቄስ ንጉሡ ተረፈና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጥሻቸው ወርቄ በ1924 ዓ.ም. ከመካነ ሰላም ወጣ ባለች መንደር ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ተማሩ፤ ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ቅኔ ዘለቁ። በ1952 ዓ.ም. ተመልሰው ወይዘሮ አልታዬ ያለውን አገቡ፣ ልጃቸውን አስቻለችን ወለዱ፣ የቅኔ ጉባኤም ተከሉ። ካስተማሯቸው አንዱ ዛሬ በዚህ ሕዝብ መካከል የቆመው ፈንታሁን ነው።

አብዮቱ ሲመጣ ፈንታሁን ዳዊቱን ጥሎ ሽጉጥ ታጠቀ፤ ካድሬም ሆነ። «ፈረንጅ እንኳ የጣለውን እግዜር እናንተ ምን ያሸክማችኋል? እነሱ አገር ቤተ ክርስቲያኑ መጋዘን ሆኗል» እያለ በየስብሰባው ሰበከ። መሪጌታ ስቀው አለፉት። በ1977 ዓ.ም. ረሀቡ ሲጸና ግን የእርዳታው ስንዴ በእሱ እጅ ወደቀ። ገበሬው ራሱ ተርቦ ስለነበር የቆሎ ተማሪ ቁራሽ የሚለምንበት ደጅ አልነበረውም። ፈንታሁንም «የተማሪነት ደበሎውን አውልቆ ትምህርቱን ያልተወ አንዲት ፍሬ አያገኝም» አለ። ከመሪጌታ ተማሪዎች የተንታው አካሉና የደጎሎው በላይ ደበሎአቸውን ሳያወልቁ በረሀብ ሞቱ። መሪጌታ ባጎረሱ እጃቸውን ተነከሱ፤ ልጆቹንም በዚያው እጃቸው ቀበሩ።

ከመቃብር ሲመለሱ «መጋዘን ሆኗል ብሎኝ የለ? እዚያው መጋዘኑ ድረስ ቀዳሽ እልክለታለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቅኔና ቅዳሴ ብቻ አልበቃቸውም። ተማሪው ተራ በተራ እየተነሣ እግዜር የለም ብሎ እንዲሟገት፣ ሌላው እንዲመልስለት አደረጉ። ካጂ ሆኖ የሚናገረውንም «ፈንታሁን» አሉት። «የዛሬው ፈንታሁን ማነው?» ሲሉ ጉባኤው ይስቃል፤ እሳቸው አይስቁም። «ፈረንጁ አልበደለንም፤ ጠግቦ ነው የረሳው። ቀስ ብላችሁ አድምጡት፤ ቁጣውን ለኔ ተዉልኝ» ይሏቸው ነበር። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ፣ ቀሲስ አሻግሬ፣ ዛሬ ጀርመን አገር መጋዘን ሆኖ በኖረ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይቀድሳሉ። ይህ ወሬ የደረሰ ዕለት መሪጌታ እስከ ፈንታሁን ደጅ ሄደው ነገሩት። ደስ ብሏቸዋል፤ እኛ ቤተሰቦቻቸውም ደስ ብሎናል፤ አንደብቅም።

መንግሥት ተለውጦ ፈንታሁንም ከሥልጣኑ ሲወርድ፣ መሪጌታ በጉበት ሕመም እንደተኙ ሽማግሌ ላከባቸው። ሽማግሌዎቹ «መሪጌታ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሆንብዎታል» አሏቸው። እሳቸውም «የራሴን ይቅር ብያለሁ። የአካሉንና የበላይን ግን እኔ ይቅር የምልበት ሥልጣን የለኝም። እርቅ ከፈለገ በአርባዬ ለቆሎ ተማሪዎች የስንዴ ዳቦ እሱ በእጁ ያድል፤ የመጨረሻው ተማሪ እስኪጠግብም አይቀመጥ» ብለው መለሱ።

መሪጌታ አምባቸው ኅዳር 12 ቀን 1985 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ወይዘሮ አልታዬን፣ አስቻለችንና በአገር ውስጥም በባሕር ማዶም ያሉ ደቀ መዛሙርታቸውን ትተው ሄደዋል። ነፍሳቸውን እግዚአብሔር አካሉና በላይ ዳግም በማይራቡበት ስፍራ፣ በአብርሃም ማዕድ ዙሪያ ያስቀምጥልን።

ፈንታሁን፣ አርባቸው ታኅሣሥ 21 ነው። ስንዴው ተፈጭቷል፤ እንጠብቅሃለን።