ሳይነሳ የቀረው በትር

ሳን ፍሮይላን ዩኩንዳ
ኖቬምበር 4 ቀን

ለልጄ ለፍላቪያኖ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። በቆሎው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ እህትህ ዞይላ ብቻዋን እየፈለፈለች ነው። ሰላምታው ይብቃና ወደ ነገሬ ልግባ።

ባለፈው እሁድ የመንደሩ ጉባኤ ስምህን ከመዝገብ ሰረዘው። አምና ቶፒል ሆነህ፣ በትር ይዘህ መንደሩን አንድ ዓመት እንድትጠብቅ ሲመርጡህ "እመጣለሁ" ብለህ ቀረህ። ለሚመጣው ዓመትም ደግመው መረጡህ፤ "አባባ፣ አለቃዬ ፈቃድ ከለከለኝ" አልከኝ በስልክ። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ በትሩን ስይዝ ደሞዝም አለቃም አልነበረኝም። መንገድ ጠረግሁ፣ ሰካራም አሰርኩ፣ ሬሳ ተሸከምኩ። እዚህ ተራራ ላይ ያላገለገለ ሰው ቤትም፣ መሬትም፣ መቀበሪያም የለውም። ይህን ከእናትህ ጡት ጋር ነው የጠባኸው።

ጉባኤው ላይ ያ አፈኛ ጎረቤታችን ቲቡርሲዮ ተነስቶ፣ "ዶን ማካሪዮ፣ ልጅዎ እዚያ ሰው አገር ሰሃን ሲያጥብ እጁ ሟሟ እንዴ? በትር መያዝ አቃተው?" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዞይላ ከሴቶቹ መሀል ብድግ ብላ፣ "በሱ ፈንታ እኔ እይዘዋለሁ! አባወራው ከፈቀደ ይቻላል አይደል? ስጡኝ!" ብላ ጮኸች። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። እሺ ብል ስምህ ይተርፍ ነበር።

"አርፈሽ ቁጭ በይ!" አልኳት። ከዚያም "ይሰረዝ" ሲባል ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ።

እናትህ ሞታለች፣ ፍላቪያኖ። ኦገስት ላይ፣ ዝናቡ መንገዱን በቆረጠ ሰሞን፣ ሳንባዋን ታማ ሞተች። ሦስት ቀን ሙሉ አንተን ስትጠራ ነበር። በደወልክ ቁጥር "ማሳ ወርዳለች" እያልኩ ዋሸሁህ። በሙታን በዓል ዕለት "እማማን አቅርብልኝ" ስትለኝ፣ እኛ ነፍሷ መንገዱን እንዳትስት ደጃፋችን ላይ ቢጫ አበባ እየበተንን ነበር። ዞይላ "ልንገረው" ብላ እግሬ ላይ ወደቀች፤ ከለከልኳት። ለለቅሶማ ማንም ይመጣል። እኔ የፈለግሁት መንደሩ ሲጠራህ በገዛ እግርህ እንድትመጣ፣ እነዚያን ጥርሳሞች "ይኸው ልጄ" እንድላቸው ነው። አሥራ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁህ። ጠላሁህ፣ ልጄ። አሁንም አልወጣልኝም።

በትሩ ሰው አጥቶ ስለቀረ እኔ ወሰድኩት። በሰባ አንድ ዓመቴ፣ በራሴ ስም እንጂ ባንተ አይደለም። ከጃንዋሪ አንድ ጀምሮ መንደሩ መግቢያ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። የእናትህን መቃብር ልይ ብለህ ብትመጣ እንደማንኛውም እንግዳ አስቆምሃለሁ። "የማን ልጅ ነህ?" ብዬም እጠይቅሃለሁ። የምትመልሰውን ከወዲሁ አስብበት።

ድንግል ማርያም በሄድክበት ትከተልህ፤ ከክፉ በሽታ ትሰውርህ።

አባትህ
ማካሪዮ