የጎደለው ጠበል

ለእትዬ ፀደይ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኔ ከሆሳዕና ብርድ በቀር የሚከፋኝ የለም፤ ተመስገን።

ባለቤቴ ፍሬው ሰው አላስነካም ሲል የኖረውን የዳቦ ቤቱን ምድጃ ለቅጥር ሠራተኛ ለቆ፣ እሱ ሒሳብ መቀበያው ጋ ተቀምጧል። «ወገቤን አሞኝ ነው» ይላል። ወገቡን ያመመው ሰው ጂንሱን ጥሎ ሰፊ ሱሪ ያሰፋል? ሲጋራውንም ተወ። ይሄ ሁሉ የመጣው ሐኪም ሁለታችንንም ከመረመረን ወዲህ ነው። የእኔን ውጤት አብረን ሰማን፤ ደህና ነኝ። የእሱን ብቻውን ሄዶ ሰምቶ «እኔም ደህና ነኝ» አለኝ።

አንቺ ነርስ ነሽና፣ የምድጃ ሙቀት የወንድ ዘር ይጎዳል እንዴ? ለጎረቤት ነው የምጠይቅሽ።

እናቱ «ማህፀኗ ይከፈት» ብለው ከዳምቦያ ጠበል አመጡልኝ። ፍሬውም እዚያው ቆሞ «ጠጪ እንጂ» አለኝ። እሁድ በባዶ ሆዴ ልጀምረው ብዬ አስቀመጥኩት። ዛሬ ከገበያ ስመለስ ጀሪካኑን ግማሽ ሆኖ አገኘሁት። ቤት የዋለው ፍሬው ብቻ ነው።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ስትጸልዪም አትርሺን፤ ሁለታችንንም።

እህትሽ ኤልሳ