የአሰልጣኟ ልብ

ጥር 9

ዛሬም ያደከመችኝ ተማሪ ያቺ የባንክ ገንዘብ ተቀባይ ናት። መንዳት ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ መሪን እንደ ልጅ አንገት አቅፎ የሚይዝ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

"ላላ አድርጊው እንጂ፣ አያመልጥሽም!"

"መሪውን ነው ፍሪሲዮኑን?"

ሁለቱንም ለቀቀች። ሞተሩ ጠፋ። የእኔም ትዕግሥት።

መንጋጋዬን ያመኛል። ጥርስ ይሆናል… ነገ ባስነቅለውስ?

ጥር 12

ጥርስ አልነበረም። በማግስቱ ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር ልምምድ ላይ እያለን ላብ አጠመቀኝ፤ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ። "ሆስፒታል ንጂ" አልኳት። ነዳች! ለዚያውም በሦስተኛ ማርሽ። ለካ እኔ ልሞት እስክደርስ ነበር የምትጠብቀው።

ሐኪሞቹ በእጄ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገቡ። አላስተኙኝም፤ ከሐኪሙ ጋር እያወራሁ ነበር። የተዘጋውን የልቤን ደም ስር ከፍተው ትንሽ የብረት መረብ አስቀመጡበት። "ይኸው፣ ተከፈተ" ብሎ በስክሪኑ አሳየኝ። ሕመሙ እዚያው ለቀቀኝ። አንድ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ መኪና ማቆም እስኪለምድ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

ታዲያ ምን ቀረ? ድኛለሁ።

ጥር 17

ቤት ገባሁ። ታላቅ ወንድሜ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ስለ እኔ "አለቀላት" እያለ ያንሾካሹካል… እኔው ፊት። ባልዲ ካነሳሁ ልጄ ትጮኻለች።

"እማዬ፣ የልብ በሽተኛ ነሽ እኮ!"

"ነበርኩ። ተሠራልኝ።"

"አጎቴ፣ ንገራት እንጂ!"

አጎትየው በረጅሙ ተነፈሰ። እሱ ሲተነፍስ የእኔ ነፍስ የምትወጣ ይመስላል።

ከሆስፒታል የሰጡኝን ኪኒኖች ተውኳቸው። የዳነ ሰው ኪኒን ምን ያደርግለታል? አንዷን በዋጥኩ ቁጥር ለወንድሜ "ልክ ነህ" ያልኩት ይመስለኛል።

ጥር 24

የማሠልጠኛው ሥራ አስኪያጅ ደወለ። ልጅ ነው፤ መንዳት ያስተማርኩትም እኔው ነኝ።

"እትዬ፣ ለእርስዎ ብለን ነው። ከእንግዲህ ምዝገባ ክፍል አረፍ ብለው ቁጭ…"

"እስከ ዛሬስ ቆሜ ነው እንዴ ያስተማርኩት?"

ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ የሐኪም ወረቀት ጠየቀ፤ ያለ ወረቀት መኪና አይሰጠኝም። እሺ! አመጣለታለሁ።

ጥር 27

ሐኪሟ ወጣት ናት። ወረቀት ልቀበል ሄጄ ጥያቄ ተቀበልኩ።

"ምን ሆነው ነበር የመጡት?"

"ደም ስሬ ተዘግቶ። ተከፈተ።"

"ኪኒኑንስ እየወሰዱ ነው?"

"ለዳነ ሰው ምን ያደርግለታል?" አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ከፈትንልዎት እንጂ በሽታውን አላጠፋነውም። ያጠበበው ነገር አሁንም ደም ስርዎ ውስጥ አለ። ያለ ኪኒን ደግሞ መረቡ ላይ ደም ይረጋል፤ በድንገት። እስካሁን የተረፉት በዕድል ነው።"

"ስለዚህ በሽተኛ ነኝ?"

"ነዎት።"

"ማስተማሩም ቀረ?"

"ማን አለ? ኪኒንዎን ይዋጡ፣ በየቀኑ ይራመዱ። ከዚያ ልብዎን እንፈትናለን። ካለፉ እጽፍልዎታለሁ።"

እኔን! ፈተና!

መንገዱን ሙሉ ተናደድኩ። በማን? ወንድሜ "አለቀላት" አለ፤ እኔ "ዳንኩ" አልኩ። ሁለታችንም ተሳስተናል። ታሞ መሥራት እንደሚቻል ማንም አልነገረን… ወይስ ተነግሮን አልሰማንም?

ጥር 28

ዋጥኩ። ለወንድሜ ብዬ አይደለም።

መጋቢት 10

አለፍኩ። ወረቀቱን ሰጠሁት፤ ሥራ አስኪያጁ ሁለቴ አንብቦ የመኪናውን ቁልፍ አስረከበኝ። ወንድሜ እስከ ማሠልጠኛው ግቢ ተከትሎኝ መጥቷል፤ ብወድቅ ሊያነሳኝ መሆኑ ነው። የጠዋቷን ኪኒን ሆን ብዬ ይዣት ወጥቼ ነበር። ሁለቱም እያዩኝ ዋጥኳት።

"አሁንም ትወስጃለሽ? ድኛለሁ ስትዪ አልነበር?"

"አልዳንኩም ጋሼ። በሽተኛ ነኝ። ዕድሜ ልኬን።"

"እና መኪና ውስጥ ልትገቢ?"

"እና ላስተምር። በል አሁን ከዚያ ዞር በል፤ አዲሷ ተማሪዬ ወደ ኋላ ልትመጣ ነው፣ መስታወት ማየት ገና አልጀመረችም።"

ዞር አለ። ለዚያውም ሮጦ።