የፈረሱን ምልክት ላነበቡልኝ ክቡር ኃላፊ

ለክቡር ሚስተር ዌንደል ሃስኪንስ
የድራይ ፎርክ ወረዳ የሕዝብ መሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ምሥራቅ ኦሬገን

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን አመም እንደሚያደርግዎ ጸሐፊዎ ነግራኝ ነበርና ተሽሎዎት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ባለጉዳይ ባየ ቁጥር የሚጮኸው ውሻዎም ደኅና እንዲሆኑ እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ስል የሚያመኝ ነገር የለም ማለቴ ነው፤ ካለፈው ሰኔ ወዲህ የሚያመኝም የሚያስደስተኝም ነገር ስለሌለ በጽሕፈት ቤትዎ አነጋገር «ሁኔታው የተረጋጋ ነው» ሊባል ይችላል።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በግል የምልክልዎ ደብዳቤዎች እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ሳይደርሱ እየቀሩ ስላስቸገሩኝ ነው። ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ስሜ ኦዴሳ ፕሩይት ይባላል፤ ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ። በሕዝብ መሬት ላይ በተጎታች ቤት እየተዘዋወርኩ እኖራለሁ። ሕጉ እንደሚያዘው አንድ ቦታ ሁለት ሳምንት እቆይና ተነሥቼ ሌላ ቦታ እሰፍራለሁ። ከብት ነጂውን፣ የዱር ፈረሱን፣ የቤት ኪራይ አቅቷቸው መኪናቸው ውስጥ የሚያድሩትን ጡረተኞች አነሳለሁ። ከተማ ውስጥ ሰልፍ ሲኖር ደግሞ ወርጄ ሰልፉን አነሳለሁ።

የሰኔውን ሰልፍ እንደማይረሱት አውቃለሁ። የሁላችንንም ጎማ ሲጠግን የኖረው ጥቁር ወጣት ቴሮን ጊብስ፣ መንጃ ፈቃድህን አሳይ ተብሎ መንጃ ፈቃዱን ሲያወጣ በፖሊስ ተገደለ። ጥቁር ሰው በጣት በሚቆጠርባት በዚህች ከተማ ሰልፍ ይወጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ወጣ። ከፊት የሄዱት ሁላችንም አጎቴ ክሌተስ የምንላቸው አዛውንቱ ከብት አርቢ ክሌተስ ሜይፊልድ ነበሩ፤ በፈረሳቸው ላይ ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው።

ፎቶዎቹን ከማውጣቴ በፊት የሰልፈኞቹን ሁሉ ፊት በጥቁር ሸፈንኩ። ሰው ከሰልፍ ፎቶ ላይ እየተለቀመ ከሥራው ሲባረርና ሲታሰር ስላየን በሙያችን የመጣ ልማድ ነው። የአጎቴ ክሌተስንም ፊት ሸፈንኩ። የፈረሱን ትከሻ ግን አልሸፈንኩም። ትከሻው ላይ በጋለ ብረት የታተመው የሜይፊልድ ቤተሰብ ምልክት፣ ግማሽ ጨረቃ ላይ የቆመ መስቀል፣ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። እዚህ አገር ሰው ከፊቱ ይልቅ በከብቱ ምልክት እንደሚታወቅ ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቃል። እኔ ሳላየው አለፍኩ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ። እኔ ያላየሁትን ስላዩልኝ አመሰግናለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ምልክቱን ከመዝገብ ጋር አመሳክሮ ባለቤቱን ከማግኘት አልፎ ጥፋትም አግኝቶላቸዋል። ፈረሱ በሕዝብ የግጦሽ መሬት ላይ ከብት እንዲያግድ የተመዘገበ ሆኖ ሳለ በግጦሽ ወቅት አስፋልት ላይ ቆሞ በመታየቱ «ከተፈቀደለት ክልል ውጭ የተገኘ እንስሳ» ተብሎ፣ ከአባታቸው ጀምሮ የቆየው የግጦሽ ፈቃድ ታገደ። በሐምሌው የነጻነት ቀን ሰልፍ የሌሎቹ አርቢዎች ፈረሶች በሙሉ እዚያው አስፋልት ላይ ተሰልፈው፣ እንዲያውም ከቢሮዎ ደጃፍ ላይ ፋንድያቸውን ጥለው ሄደዋል። እነሱንም አንስቻቸዋለሁ። እስካሁን ፎቶውን የጠየቀኝ የለም።

ሁለተኛ። የእንግዳ መቀበያ ክፍልዎ ግድግዳ ላይ ያለውን እኔ ያነሳሁትን ፎቶ ስላላወረዱት አመሰግናለሁ። ፎቶው ላይ ያሉት ያው አጎቴ ክሌተስ ናቸው፤ ፈረሱም ያው ነው። ከሥሩ «ይህ መሬት የሁላችንም ነው» የሚል ጽፈውበታል። አጎቴ ክሌተስ የእገዳውን ደብዳቤ ሊቀበሉ በመጡ ዕለት ከዚያ ፎቶ ሥር ተቀምጠው ወረፋቸውን ጠበቁ።

ሦስተኛ። ከብቶቹ ከመሬቱ ሲወጡ ሥርዓት እንዳይጓደል ሁለት ሠራተኞች ስለላኩ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሠራተኞችዎ ጨዋዎች ነበሩ፤ አንዱማ በር ከፍቶ ረድቷል። የአጎቴ ክሌተስ ጎረቤት ዴል ላሞቹን ወደ ጭነት መኪናው እየነዳ ሊያሳስቃቸው ሞከረ። «አንተ ሽማግሌ፣ ፈረስህን ጭምብል ብታለብሰው ምን ነበረበት?» ሲላቸው፣ «ለፈረስ የሚሆን ጭምብል አለ እንዴ? እስቲ አንተ አድርገህ አሳየኝ፣ ፊታችሁ ይቀራረባል» አሉት። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ የመኪናው በር ተዘጋ። አጎቴ ክሌተስ እኔን ዞር ብለው አይተው «ምን ቆመሻል? አንሺ እንጂ ልጄ! ሥራሽን ትተሽ ልታለቅሺልኝ ነው?» አሉኝ። አላለቀስኩም። አነሳሁ። ብርሃኑ ጥሩ ነው ብዬ ማሰቤን አስታውሳለሁ፤ ከዚያ ሌላ የተሰማኝ ነገር አልነበረም፤ ይህንንም ስጽፍልዎ አላፍርም፣ ማፈሩም አብሮ ደንዝዟል።

አራተኛው ነጥብ ምን እንደነበር ጠፍቶኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አምስተኛ። ባለፈው ሰኞ ስለደረሰኝ በትሕትና የተሞላ ደብዳቤዎ አመሰግናለሁ። የሰልፈኞቹ ፊት ያልተሸፈነባቸውን ዋናዎቹን ፎቶዎች እስከ ዓርብ ካስረከብኩ የአጎቴ ክሌተስ ይግባኝ «በበጎ ዓይን» እንደሚታይ፣ እኔም «ታዛቢ ብቻ» ስለነበርኩ የሚነካኝ እንደሌለ ገልጸውልኛል። እምቢ ካልኩ ደግሞ በሕዝብ መሬት ላይ የመሥራት ፈቃዴ አይታደስም። ደብዳቤውን ለአጎቴ ክሌተስ አነበብኩላቸው። «ስሚ፣ መሬቴን እፈልገዋለሁ፤ አልዋሽሽም። ግን በላሞቼ ሰው እንዳትለውጪ» አሉኝ።

ክቡርነትዎ፣ ዋናዎቹ ፎቶዎች የሉም። ትናንት አጠፋኋቸው። ከመካከላቸው የአንዲት ሴት ፎቶ ነበረ፤ ማን እንደሆነች አልነግርዎትም። ከዚያ ቀን በፊት በዕድሜዋ ሰልፍ ወጥታ አታውቅም፤ የቴሮንን ስም ስትጠራ ያነሳኋት ያ ፎቶ በሃያ ዓመት ሥራዬ ካነሳሁት ሁሉ ይበልጣል። አንድም ሰው ሳያየው ጠፋ። ከሰኔ ወዲህ አንድ ነገር ሲሰማኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያመኛል፤ ለዚህም ቢሆን ባለውለታዬ እርስዎ ነዎት።

የሚስተር ሜይፊልድን ይግባኝ ሲያዩ ወንበሩ ወገብዎን እንዳይጎዳዎት፣ ብዕርዎም እንዳይነጥፍብዎት እየተመኘሁ፣ ለማያልቀው ትጋትዎ ባርኔጣዬን አንስቼ እጅ እነሳለሁ።

የሁልጊዜ አክባሪዎ፣
ኦዴሳ ፕሩይት፣ ለጊዜው ከሕዝብ መሬት ላይ

ማስታወሻ፦ «ታዛቢ ብቻ» ያሉት ስሕተት ስለሆነ እንዲታረም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ፎቶ አያይዤአለሁ። ያነሳኝ የማላውቀው መንገደኛ ነው። ካሜራዬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሁለት እጆቼ የቴሮን ስም የተጻፈበትን ካርቶን ይዘዋል። ምንም አልሸፈንኩበትም። ፈረስ ስለሌለኝ በፊቴ ይወቁኝ።